ፈቃዱ የቨርጂኒያ፣ መንገዱ የሜሪላንድ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ሽጉጥ ደብቆ ለመያዝ በአንድ ስቴት የተሰጠ ፈቃድ በሌላው ይሠራል ወይ የሚል ጥያቄ ከዲሲ አካባቢ፣ ከቴክሳስና ከኦሃዮ በተደጋጋሚ ደርሶናል። ለዚህ እትም አምስት ደብዳቤዎች መርጠናል። ስለ አዲስ አበባ ጉዞ ከሚናገረው የመጨረሻው መልስ በቀር ዓመቶቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው አሌክሳንድሪያ ነው፤ ከከተማው ፍርድ ቤት የሽጉጥ ፈቃድ አውጥቻለሁ። ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ሱቅ አለኝ። ማታ የዕለቱን ገንዘብ ይዤ ስለምመለስ ሽጉጤ አብሮኝ እንዲሆን እፈልጋለሁ። ጓደኞቼ «መኪና ውስጥ ቆልፈህ ካስቀመጥከው ማንም አይነካህም» ይሉኛል። እውነት ነው?

መልስ፦ ጓደኞችዎ የነገሩዎት ከፊሉ ልክ ነው፤ ሰው የሚታሰረው በቀረው ነው። ሜሪላንድም ሆነች ዲሲ የሌላ ስቴት ፈቃድ አንድም አይቀበሉም። ስለዚህ የቨርጂኒያው ፈቃድዎ ድልድዩ ላይ ያበቃል። በአሜሪካን ሌጅን ድልድይ ከሄዱ ከቨርጂኒያ በቀጥታ ሜሪላንድ ይገባሉ። በውድሮው ዊልሰን ድልድይ ከሄዱ ደግሞ መሀል ላይ ለጥቂት ሜትሮች የዲሲን ክልል ይረግጣሉ።

የሱቁ ባለቤት መሆንዎ ግን ብዙ ነገር ይለውጣል። የሜሪላንድ ሕግ አንድ ሰው በራሱ ወይም በተከራየው የንግድ ቤት ውስጥ ሽጉጥ እንዲይዝ ይፈቅዳል። ንግዱ በዋናነት የራሱ ከሆነና ራሱ የሚያንቀሳቅሰው ከሆነ ደግሞ ከመኖሪያ ቤቱ ወደ ንግድ ቤቱ ሽጉጡን ማመላለስ ይችላል። ሁኔታው ሁለት ነው፤ ሽጉጡ ጥይት እንዳይኖርበትና በተዘጋ ማኅደር ውስጥ እንዲሆን። ያው ሱቅ ውስጥ ተቀጥሮ የሚሠራ ሰው ግን ይህ የማመላለስ መብት የለውም። ብዙ ወገኖቻችን የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ ባለቤቱ ሲያደርግ ያዩትን ሠራተኛውም ያደርጋል።

እርስዎ የፈለጉት ግን ገንዘቡን ይዘው ሲመለሱ ጥይት የጎረሰ ሽጉጥ ወገብዎ ላይ እንዲሆን ነው። ለዚህ የሜሪላንድ ፈቃድ ያስፈልጋል። የቨርጂኒያ ነዋሪ መሆንዎ ከማመልከት አያግድዎትም። ማመልከቻው የሚቀርበው ለሜሪላንድ ስቴት ፖሊስ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ አመልካች የ16 ሰዓት ሥልጠና ከተኩስ ፈተና ጋር፣ አሻራና የ125 ዶላር ክፍያ ይጠየቃል። ፈቃዱ መጀመሪያ 2 ዓመት፣ ሲታደስ 3 ዓመት ያገለግላል። በዲሲ የሚያልፉ ከሆነና እዚያም መያዝ ከፈለጉ ሦስተኛ ፈቃድ አለ፦ 16 ሰዓት ትምህርት፣ 2 ሰዓት የተኩስ ልምምድ፣ 75 ዶላር፣ 2 ዓመት። የሜሪላንዱንና የዲሲውን ሥልጠና በአንድ ላይ የሚሰጡ አሠልጣኞች ስላሉ ከመመዝገብዎ በፊት ይጠይቁ፤ ለየብቻ መውሰድ ጊዜና ገንዘብ ማባከን ነው። የእድሳቱ ቀን ግን በፍጹም አይገጥምም። የቨርጂኒያው በ5 ዓመት፣ የሌሎቹ በ2 ስለሚያልቁ ቀኖቹን ስልክዎ ላይ ይመዝግቡ፤ ጊዜው ያለፈበት ፈቃድ የያዘ ሰው ምንም ፈቃድ እንደሌለው ይቆጠራል።

ፈቃዱ እስኪመጣ ድረስ ሽጉጡን ወደ ሱቁ የሚያመላልሱ ከሆነ ጥይቱን ቤትዎ ውስጥ ያውጡ፤ መንገድ ዳር ወይም ማደያ ላይ አያድርጉት። ቅደም ተከተሉን ልብ ይበሉ። መጀመሪያ ካርታው፣ ማለትም የጥይት መያዣው፣ ይወጣል፤ ከዚያ ስላይዱ፣ ማለትም የሽጉጡ ተንሸራታች የላይኛው ብረት፣ ወደ ኋላ ተስቦ የጎረሰው ጥይት ይወድቃል፤ በመጨረሻ በዓይንም በጣትም ባዶነቱ ይረጋገጣል። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ፣ ማለትም ካርታው ሳይወጣ ስላይዱ ከተሳበ፣ አንዱ ጥይት ሲወድቅ ካርታው ሌላ ያጎርሳል። ሰውየው «አውጥቻለሁ» ብሎ ያመነው ሽጉጥ ፖሊስ ሲፈትሸው የጎረሰ ሆኖ የሚገኘው በዚህ ምክንያት ነው። ባዶውን ሽጉጥ በሚቆለፍ ሣጥን፣ ጥይቱን በሌላ ዕቃ አድርገው ሁለቱንም ትራንክ ውስጥ ያስቀምጡ።

ዲሲ ውስጥ መኪና አቁመው እራት ለመብላት ካሰቡ ግን ይተዉት። እዚያ ያልተመዘገበ ሽጉጥ፣ ከዚያም አልፎ ጃኬት ኪስ ውስጥ የተረሳ አንድ ፍሬ ጥይት ራሱን የቻለ ወንጀል ነው። ያለ ፈቃድ ሽጉጥ ይዞ መገኘት ዲሲ ውስጥ እስከ 5 ዓመት ያሳስራል፤ ሜሪላንድም በመጀመሪያ ጥፋት ከ30 ቀን እስከ 5 ዓመት ትቀጣለች። ሜትሮ በሚባለው የከተማው ባቡር ላይ ደግሞ የዲሲ ፈቃድ ላለውም ሰው ክልክል ነው።

ጥያቄ፦ ከዳላስ ነው የምጽፍላችሁ፤ ትራክ እነዳለሁ። ቴክሳስ ያለ ፈቃድም ይያዛል፣ እኔ ግን ፈቃዱን አውጥቻለሁ። ጭነቴ ብዙ ጊዜ ኒው ጀርሲ ነው። ከዩታ ፈቃድ ካወጣህ በሁሉም ስቴት ትይዛለህ ያለኝ ሰው አለ። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፦ በ50ውም ስቴት የሚሠራ ፈቃድ የሚባል ነገር የለም፤ የሚሸጥልዎት ካለ ገንዘብዎን ይያዙ። ዩታ ለሌላ ስቴት ነዋሪዎች ፈቃድ ትሰጣለች፣ ብዙ ስቴቶችም ይቀበሉታል። ኮሎራዶና ሚሺጋን ግን የሚቀበሉት ሰውየው ራሱ ከሚኖርበት ስቴት ያወጣውን ብቻ ነው። ካሊፎርኒያ፣ ኢሊኖይ፣ ኒው ዮርክ፣ ኒው ጀርሲ፣ ማሳቹሴትስ፣ ሜሪላንድ፣ ኦሪገንና ሃዋይ ደግሞ ከማንም አይቀበሉም።

መንገድዎ አርካንሳስን፣ ቴነሲን፣ ከዚያም በ81 ቁጥር አውራ ጎዳና ቨርጂኒያን ያቋርጣል። ጥቂት ዌስት ቨርጂኒያ፣ ሄገርስታውን አጠገብ 12 ማይል ያህል ሜሪላንድ፣ ከዚያ ፔንሲልቬኒያ፣ በመጨረሻ ኒው ጀርሲ ነው። ያቺ 12 ማይል በሩብ ሰዓት የምታልቅ ብትሆንም ሕጓ ሙሉ ነው።

በ1986 የወጣው የፌደራል ሕግ መንገደኛን የሚጠብቅበት አንቀጽ አለው። ሽጉጡን በሕግ መያዝ ከሚችሉበት ቦታ ተነስተው በሕግ መያዝ ወደሚችሉበት ሌላ ቦታ እየሄዱ ከሆነ፣ መሀል ላይ ያለው ስቴት ቢከለክልም ማለፍ ይችላሉ። ሽጉጡ ባዶ መሆን አለበት፤ እሱም ጥይቱም ከተቀመጡበት እጅዎ የማይደርስበት ቦታ መሆን አለባቸው። እንደ ትራክ ጋቢና የተለየ ዕቃ ማስቀመጫ በሌለበት መኪና ደግሞ የተቆለፈ ሣጥን ግዴታ ነው፤ ከተሳፋሪው ፊት ያለው ሣጥንና በሁለቱ መቀመጫዎች መሀል ያለው ኪስ ቢቆለፉም አይቆጠሩም።

ይህ ሕግ ለሜሪላንዷ 12 ማይል ሊጠቅምዎት ይችል ነበር፤ መድረሻዎ ኒው ጀርሲ መሆኑ ግን ያፈርሰዋል፣ እዚያ መያዝ አይችሉምና። ኒው ጀርሲ ያለ ራሷ ፈቃድ ሽጉጥ ይዞ የተገኘን ሰው የምትከስበት ሕግ ከ5 እስከ 10 ዓመት የሚያስቀጣ ሲሆን ቢያንስ 42 ወር ያለ አመክሮ ያስቀምጣል። በ2013 አንዲት የፊላዴልፊያ እናት የፔንሲልቬኒያ ፈቃዷን ይዛ ኒው ጀርሲ ገብታ በትራፊክ ስትቆም፣ ሽጉጥና ፈቃድ እንዳላት ራሷ ለፖሊሱ ነገረችው። ታስራ ያ ቅጣት ተደቀነባት። ነገሩ አገር ካነጋገረ በኋላ የኒው ጀርሲ ጠቅላይ ዓቃቤ ሕግ በ2014 እንዲህ ያሉ መንገደኞች በቀለለ መንገድ እንዲስተናገዱ ለዓቃብያነ ሕግ መመሪያ አወጣ፤ በ2015 ደግሞ አገረ ገዢው ክሪስ ክሪስቲ ይቅርታ አደረጉላት። መመሪያው ግን ሕጉን አልለወጠውም።

የፌደራሉ ጥበቃ ምን ያህል ስስ እንደሆነ የሚያሳይ ሌላ ጉዳይም አለ። በ2005 አንድ የዩታ ሰው ሽጉጡን በሕጉ መሠረት አስመዝግቦ ወደ ፔንሲልቬኒያ ሲበር ኒው ጀርሲ ባለው የኒውአርክ አየር ማረፊያ ተያያዥ ጉዞው አመለጠው። ሻንጣውን ተቀብሎ ሆቴል አደረ፤ በማግስቱ ሊሳፈር ሲመለስ ታሰረ። ክሱ ተነሣለት፤ የካሣ ጥያቄውን ግን ይግባኝ ሰሚው የፌደራል ፍርድ ቤት በ2010 ውድቅ አደረገው፤ ሆቴል ውስጥ ሻንጣው እጁ ላይ ስለነበር ጥበቃው አይሸፍነውም ተባለ። ለትራክ ነጂ ትርጉሙ ግልጽ ነው፤ በከለከለው ስቴት ውስጥ አንቀላፍቶ ማደር አደጋ አለው።

ሌላው ብዙ ሰው የማያውቀው የትምህርት ቤት ክልል ሕግ ነው። የፌደራል ሕግ ከትምህርት ቤት 1,000 ጫማ፣ ማለትም 300 ሜትር ገደማ ውስጥ ሽጉጥ መያዝን ይከለክላል። ፈቃድ ያለውን ሰው ነፃ የሚያወጣው ፈቃዱን የሰጠው ያ ትምህርት ቤት የሚገኝበት ስቴት ሲሆን ብቻ ነው። ስለዚህ ቴነሲ የቴክሳስ ፈቃድዎን ብትቀበልም፣ ከአውራ ጎዳና ወጥተው በትምህርት ቤት አጠገብ ሲያልፉ የፌደራሉ ሕግ አይቀበለውም። ማምለጫው ባዶ ሽጉጥ በተቆለፈ ሣጥን ነው።

እናም ኒው ጀርሲ ጭነት ባለበት ጉዞ ሽጉጡ ዳላስ ቢቀር ይሻላል። በሌሎቹ ጉዞዎች የየስቴቱን ዝርዝር ከስቴቱ ፖሊስ ወይም ከጠቅላይ ዓቃቤ ሕጉ ገጽ ላይ በመነሻዎ ቀን ይመልከቱ፤ ዝርዝሩ ይለዋወጣል። የሚሠሩበት ድርጅት ሽጉጥ መከልከሉንና አለመከልከሉንም በጽሑፍ ያረጋግጡ። ኡበርና ሊፍት ሾፌሩንም ተሳፋሪውንም ይከለክላሉ፣ ብዙ የጭነት ድርጅቶችም እንዲሁ።

ፖሊስ ሲያስቆምዎት የጋቢናውን መብራት ያብሩና ሁለት እጅዎን መሪው ላይ ያድርጉ። ሰሜን ካሮላይናና ሚሺጋን ሽጉጥ እንደያዙ ሳይጠየቁ እንዲናገሩ ያስገድዳሉ፤ ቨርጂኒያ ሲጠየቁ ፈቃዱንና መታወቂያውን እንዲያሳዩ ትጠይቃለች። ሲናገሩ ከፈቃዱ ይጀምሩ፤ «ፈቃድ አለኝ፣ ሽጉጡ ያለው እዚህ ጋ ነው፣ ምን ላድርግ?» ይበሉና እስኪታዘዙ ድረስ እጅዎን አያንቀሳቅሱ። ፊላንዶ ካስቲል በ2016 ሚኒሶታ ውስጥ ፈቃድ እያለው፣ ሽጉጥ መያዙንም ለፖሊሱ እየነገረ ተተኩሶበት ሞቷል። ጥቁር ሆኖ ለሚነዳ ሰው ይህ ምክር ትንሽ ነገር አይደለም።

ጥያቄ፦ መንጃ ፈቃዴ ከሜይን እስከ ካሊፎርኒያ ይሠራል። ሽጉጥ መያዝ ደግሞ በሕገ መንግሥቱ የተጻፈ መብት ነው። ታዲያ ስቴቶች የአንዱን ፈቃድ ሌላው እንዲቀበል ለምን አይገደዱም? የእናንተስ አቋም ምንድን ነው? (አንባቢ ከኮሎምበስ፣ ኦሃዮ)

መልስ፦ መንጃ ፈቃድዎ የሚሠራው ሕገ መንግሥቱ ስላዘዘ አይደለም፤ እያንዳንዱ ስቴት በራሱ ሕግ ለመቀበል ስለወሰነ ነው። የጠበቃ ፈቃድ ግን እንደዚያ አይሻገርም። ስለዚህ ጥያቄው «ፈቃድ ሁሉ ይሻገራል ወይ» ሳይሆን «ተቀባዩ በሰጪው ላይ እምነት የሚጥለው በምን መሠረት ነው» የሚል ነው።

ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2022 በኒው ዮርክ ጉዳይ ከቤት ውጭ ሽጉጥ መያዝ መብት መሆኑን ወስኗል፤ ስቴቶች «ልዩ ምክንያት አምጣ» ማለት አይችሉም። ፈቃድ መጠየቅን፣ ሥልጠናንና የወንጀል መዝገብ ማጣራትን ግን አልሻረም። የማሳቹሴትስ ከፍተኛ ፍርድ ቤትም በመጋቢት 2025 ከኒው ሃምፕሻየር በመጡ ሰዎች ጉዳይ ይህንኑ መንገድ ተከተለ፤ ባለሥልጣኑ ከመሰለው የሚሰጥበትን የቀድሞ አሠራር ሻረ፣ መስፈርቱን ላሟላ ሁሉ የሚሰጥበትን አዲሱን አጸና። ከሌላ ስቴት የመጣ ሰው ፈቃድ እንዲያወጣ ሊጠየቅ ይችላል፣ በዘፈቀደ ሊከለከል ግን አይችልም ማለት ነው።

ኮንግረሱ ስቴቶችን እንዲህ የሚያስገድድ ሕግ ለማውጣት ደጋግሞ ሞክሯል። ረቂቁ በ2009 ሴኔቱ ውስጥ 58 ለ39፣ በ2013 57 ለ43 ድምፅ አግኝቶ ከሚያስፈልገው 60 ጎደለ። በታኅሣሥ 2017 የተወካዮች ምክር ቤቱ 231 ለ198 ቢያሳልፈውም ሴኔት ላይ ቀረ። በ2025 የሰሜን ካሮላይናው ሪቻርድ ሃድሰን እንደገና አቅርበውት የምክር ቤቱ የሕግ ኮሚቴ በመጋቢት ወር በ18 ለ9 ድምፅ ደግፎታል።

የዚህ ረቂቅ ቋጠሮ ፈቃድ ላይ ብቻ አለመቆሙ ነው። 29 ስቴቶች ያለ ፈቃድ መያዝን ፈቅደዋል፤ ረቂቁ የእነዚህን ስቴቶች ነዋሪ በመታወቂያው ብቻ እንዲያልፍ ያደርገዋል። 16 ሰዓት ሥልጠና የምትጠይቀው ሜሪላንድ የራሷን ነዋሪ አሠልጥና፣ አንድ ሰዓት ያልሠለጠነውን እንግዳ ዝም ብላ ልታሳልፍ ነው። ይህን ፍትሐዊ ነው ለማለት አንችልም።

በአንጻሩ የዛሬው አሠራርም ሊከላከሉለት የማይገባ ነው። ሠልጥኖ፣ አሻራ ሰጥቶ፣ ከፍሎ ፈቃድ ያወጣ ሰው አንድ የመንገድ መውጫ ስለሳተ ለዓመታት መታሰር የለበትም። ዝርዝሩም በምርጫ ማግስት ይገላበጣል፤ የቨርጂኒያ ጠቅላይ ዓቃቤ ሕግ በታኅሣሥ 2015 የ25 ስቴቶችን ፈቃድ እንደማይቀበል አስታወቀ፣ በሐምሌ 2016 ደግሞ የሁሉንም የሚቀበል ሕግ ሥራ ላይ ዋለ። መንገደኛ ሕጉን በጋዜጣ እየተከታተለ ሊነዳ አይችልም።

አቋማችን ይኸውና፦ ስቴቶች ሊቀበሉ ይገባል፣ በሁኔታ። ምሳሌውን ትራክ የሚነዱ ወገኖቻችን በኪሳቸው ይዘውታል፤ ሲዲኤል የሚባለው የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ ነው። ከ1986 በፊት አንድ የከባድ መኪና ሾፌር ከበርካታ ስቴቶች መንጃ ፈቃድ አውጥቶ፣ አንዱ ላይ ቅጣት ሲበዛበት ሌላውን ያሳይ ነበር። በዚያ ዓመት የወጣው ሕግ ፈቃድ መስጠቱን ለስቴቶች ትቶ ሦስት ነገር ወሰነ፤ ዝቅተኛው የፈተና ደረጃ አንድ እንዲሆን፣ አንድ ሰው ከአንድ ፈቃድ በላይ እንዳይኖረው፣ መዝገቡ በሁሉም ስቴት እንዲታይ። የሽጉጥ ፈቃድም እንዲህ ቢደረግ፣ ማለትም ሰው ከሚኖርበት ስቴት ብቻ ቢያወጣ፣ በአካል የተሰጠ ሥልጠናና የተኩስ ፈተና ቢኖርበት፣ ፖሊስም በሌሊት መንገድ ላይ ፈቃዱ የጸና መሆኑን ማረጋገጥ ቢችል፣ ሜሪላንድ የምትከለክልበት ምክንያት ይሳሳል። የት እንደማይያዝ መወሰኑ ግን ለየስቴቱ ይቆይ፤ የአገሩን ሠርዶ በአገሩ በሬ ነውና።

ኮንግረሱ ይህን መንገድ አንድ ጊዜ ሄዶበታል። በ2004 በሥራ ላይ ያሉና ጡረታ የወጡ ፖሊሶች በመላው አገር ሽጉጥ እንዲይዙ ሲፈቅድ፣ ጡረተኛው በየ12 ወሩ የተኩስ ፈተና እንዲያልፍ አስገድዷል። ለ10 ዓመትና ከዚያ በላይ ላገለገለ ፖሊስ ፈተና ካስፈለገ ለሌላው ሰው አያስፈልግም ማለት አይቻልም።

ጥያቄ፦ የግሪን ካርድ ባለቤት ነኝ፤ የቨርጂኒያ ፈቃድ አለኝ። ሜሪላንድ ውስጥ ሽጉጥ መኪናዬ ውስጥ ተገኝቶ ተከሰስኩ። ጠበቃው «ጥፋተኛ ነኝ በል፣ ሳትታሰር በአመክሮ ያልቃል፣ መዝገብህም ላይ ጥፋተኛ አይባልም» ይለኛል። ልቀበል?

መልስ፦ የኢሚግሬሽን ሕግ ጠበቃ ሳያነጋግሩ ምንም ነገር አይፈርሙ። ሜሪላንድ ውስጥ ከፍርድ በፊት አመክሮ የሚባለው አሠራር በስቴቱ ዓይን ጥፋተኝነት አይደለም። የኢሚግሬሽን ሕግ ግን የሚያየው ሌላ ነገር ነው፤ ሰውየው ጥፋቱን አምኖ ዳኛው ማናቸውንም ቅጣት ወይም ገደብ ካደረገበት ጥፋተኛ እንደተባለ ይቆጥረዋል። የጦር መሣሪያ ይዞ በመገኘት ወይም በመሸከም ጥፋተኛ የተባለ ዜጋ ያልሆነ ሰው ደግሞ አገሩ ውስጥ የቱንም ያህል ዓመት ቢኖር ከአገር የመባረር ሂደት ሊጀመርበት ይችላል። ለዜጋው ጎረቤትዎ ጥሩ የሆነው ስምምነት ለእርስዎ የአገር ማጣት ጉዳይ ሊሆን ይችላል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2010 እንደወሰነው የወንጀል ጠበቃ ይህን አደጋ ለደንበኛው የመንገር ግዴታ አለበት። ክሱ በየትኛው አንቀጽ እንደሚዘጋ፣ ምን ቃል እንደሚሰጥ ሁለቱ ጠበቆች ተነጋግረው ይወስኑ። ክሱ ቢሰረዝ እንኳ ወረቀቱን ይያዙት፤ የዜግነት ማመልከቻው መታሰርን ይጠይቃል።

እግረ መንገዳችንን፣ የቨርጂኒያ ፈቃድ ለዜጋና ለግሪን ካርድ ባለቤት ብቻ ነው። ጥገኝነት ጠይቀው ውሳኔ የሚጠባበቁ ወይም ቲፒኤስ የሚባለው ጊዜያዊ ከለላ ያላቸው ሰዎች ጠበቃ ሳያማክሩ ሽጉጥ መግዛት ቀርቶ የተኩስ መለማመጃ ቦታም አይሂዱ። የፌደራል ሕግ ሽጉጥ መያዝ የሚከለክላቸው የስደተኛ ዓይነቶች አሉ፤ መንካቱም ወንጀል ሊሆን ይችላል።

ስለ ጫትም መናገር አለብን። ትኩስ ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን በፌደራል ሕግ በከባዱ መደብ የተመደበ ዕፅ ነው። የተከለከለ ዕፅ ተጠቃሚ የሆነ ሰው ሽጉጥ እንዳይይዝ የፌደራል ሕግ ይከለክላል፤ ሽጉጥ ሲገዙ የሚሞላው ቅጽም ይህንኑ ይጠይቃል። ማሪዋናም በሜሪላንድ፣ በዲሲና በቨርጂኒያ ቢፈቀድም በፌደራሉ ቅጽ ላይ እንደተከለከለ ነው። ጫትና ሽጉጥ አንድ መኪና ውስጥ ከተገኙ የትኛውም ስቴት የሰጠው ፈቃድ አያድንም።

ጥያቄ፦ ወደ አዲስ አበባ ስሄድ ፈቃድ ስላለኝ ሽጉጤን በሻንጣ አስመዝግቤ መውሰድ እችላለሁ?

መልስ፦ አይችሉም። የአሜሪካ ስቴት ፈቃድ ኢትዮጵያ ውስጥ ዋጋ የለውም፤ መሣሪያ የሚተዳደረው በ2012 ዓ.ም. በወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 ነው፣ ያለ ፈቃድ ማስገባትም ወንጀል ነው። ሻንጣውን ከመሙላትዎ በፊት ግን የተኩስ ልምምድ ይዘውት ይሄዱበት የነበረ ቦርሳ እንዳይሆን ኪሶቹን በሙሉ ገልብጠው ይፈትሹ። ከገበሩ ሥር የገባ አንድ ፍሬ ጥይት ደለስ አየር ማረፊያ ላይ ባይታይ ቦሌ ላይ ይታያል።